በጸሎቱ ጸ የተጻፈ የይለፍ ቃል

የጧፍ ሰም ሲሸተኝ ትዝ የሚለኝ ቤተ ክርስቲያን አይደለም፤ አንድ ቡናማ ፖስታ ነው። ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ ጧፍ ከምትሸጥ ሴት አጠገብ አለፍሁ። ፀሐዩ በርትቶ ጧፉ ለስልሶ ነበርና ሽታው አስፋልቱ ድረስ ይመጣል። ቆምሁ። ሴትዮዋ ገዢ መስያት "ስንት ላድርግልህ?" አለችኝ። ዐይኔ ጧፉ ላይ ነው፤ የማየው ግን የድሮ ንብረት ክፍላችንን፣ የእትዬ የሺን ጠረጴዛ፣ በላዩ የተዘረጋውን የአበባ ላስቲክ፣ ሰሙ ጠብ ጠብ ሲል ፖስታው ላይ የሚሠራውን ክብ ነበር። ሴትዮዋ ተናዳ "ካልገዛህ መንገዱን ልቀቅልኝ" ስትል ነው ነቅቼ መንገዴን የቀጠልሁት።

እኔ ሽማግሌ አይደለሁም። ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ነገር ግን በእኔ የኮምፒዩተር ሙያ ዐሥራ አራት ዓመት ማለት አንድ ዘመን ነው፤ ያኔ የምንሠራባቸው ማሽኖች ዛሬ በቁራሌው ዘንድ እንኳ አይገኙም። አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች "ጋሼ" ይሉኛል። መጀመሪያ ጊዜ ሲሉኝ ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላ ዞሬ አይቻለሁ። አሁን ለምጄዋለሁ። ጋሼ ከተባልሁ ደግሞ የድሮውን ማውራትም የሚፈቀድልኝ ይመስለኛል።

ያኔ ከዓባይ ማዶ እስከ መሐል ከተማ ባጃጅ አንድ ብር ከሃምሳ ነበር። ሻይ ሁለት ብር፣ ማኪያቶ አምስት ብር። የተጠበሰ ቀረሶ አሳ ከሎሚና ከዳጣ ጋር በሃያ አምስት ብር ይበላል፤ አጥንቱን የሚለቅሙ ድመቶች እንኳ ከዛሬዎቹ ይወፍሩ ነበር። እኔ የምመላለሰው የኋላ ፍሬኗ በማይሠራ የታላቅ ወንድሜ ሳይክል ነው። ድልድዩ ላይ ስደርስ ወርጄ እየገፋሁ እሻገራለሁ። ጉማሬ ወጣ ከተባለ ሰው ወደ ታች ለማየት ይሰበሰባል፤ ጠባቂው "አትቁም፣ እለፍ" እያለ ይበትናል። ዛሬ ሰፊው አዲስ ድልድይ አለ፤ ቆሞ የሚያይ ሰው ግን ብዙም አላይም። የዚያን ጊዜ ጎረምሳ ሱሪው ከወገቡ ወርዶ፣ ቆቡን ወደ ጎን አዙሮ ነበር የሚሄደው። እኔ የወንድሜን ሸሚዝ ነበር የምለብሰው፤ እጅጌው ስለሚረዝምብኝ ሁለት ጊዜ እጠቀልለዋለሁ። ዘንባባው ጥግ ላይ ለስልክ ዘፈን የሚጭን ሱቅ ነበር። ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ ሰባት ዘፈን በተራ ያዞራል። የሰባቱንም ተራ በቃሌ ይዤው ነበር፤ በስተመጨረሻ የሚመጣው ማሲንቆ ያለበት የጎጃም ዘፈን ከሆነ ለሥራ ዐሥር ደቂቃ ዘግይቻለሁ ማለት ነው።

ሙያውን ማንም አላስተማረኝም። ከመሸንቲ የመጣሁት ዐሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤቱ ወደሚቀጥለው ሳያሳልፈኝ ነው። አንድ ኢንተርኔት ቤት ነበር፣ በደቂቃ ሠላሳ ሳንቲም የሚያስከፍል። ለእኔ ውድ ስለሆነ ባለቤቱን አቧራ ላራግፍልህ፣ አንተ ደግሞ ሰው የሌለበትን ማሽን ስጠኝ አልሁት። ተስማማ። አቧራ ለማራገፍ መክፈት ያስፈልጋል፤ ስከፍት ማየት ጀመርሁ፤ ሳይ ማበላሸት፣ ያበላሸሁትን ደግሞ ሰው ሳያይ መጠገን ተማርሁ። ሽፋኑ የተቀደደ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከመዝገበ ቃላት ጋር እያስተያየሁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁ። አንዱን ገጽ በአራት ቀን የጨረስሁበት ጊዜ አለ። የማላውቀውን ቃል በደብተር እጽፋለሁ፤ ደብተሩ ሲሞላ ሌላ እገዛለሁ። ሰባት ደብተር ሞልቻለሁ።

መሥሪያ ቤታችን የሙያ ብቃት የሚመዘንበት ነው። ምግብ አብሳዩም፣ በያጁም፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውም፣ ኮምፒዩተር ጠጋኙም እዚያ መጥቶ ይፈተናል፤ ከተሳካለት "ብቁ" ተብሎ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ካልተሳካለት "ገና ብቁ ያልሆነ" ይባላል። ያለዚያ ወረቀት ቀጣሪ ፊቱን አያሳይም። መጀመሪያ የጠሩኝ አንድ ማተሚያ ወረቀት እየቆረጠመ አስቸግሯቸው ነው። ሠራሁላቸው፤ ሌላም ጨመሩልኝ፤ በስድስተኛው ወር የተመዛኞች ሁሉ ስምና ውጤት የሚቀመጥበትን ሰርቨር የተከልሁትና የምጠብቀው እኔ ሆንሁ። ሰርቨሩ የተቀመጠው ከደረጃው ሥር፣ ቀድሞ መጥረጊያና ባልዲ በሚቀመጥበት ጓዳ ነው። ነገር ግን ወረቀት የሌለኝ ሰው ስለሆንሁ በዚያ መደብ ሊቀጥሩኝ አልቻሉም፤ በመዝገብ "ተላላኪ" ተብዬ ተጻፍሁ። እውነትም አልፎ አልፎ ደብዳቤ አደርሳለሁ።

እንደዚህ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ከበላይ ደብዳቤ መጣ፦ ሲስተም የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ የደረጃ አራት የብቃት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። በዚያው ሰሞን ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ትልቅ ድርጅት የሲስተም አስተዳዳሪ እፈልጋለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጠፈ። ሳይክሌን አጥሩ ላይ አስደግፌ አራት ጊዜ አነበብሁት። የሚጠይቀውን ሥራ ሁሉ ከደረጃው ሥር ባለው ጓዳ እሠራው ነበር። የጎደለኝ ወረቀቱ ብቻ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ዓርብ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ምዘና ደግሞ በዚያው ሳምንት ማክሰኞ፣ በእኛው ግቢ። የመዛኞቹ ኃላፊ አቶ ሙሉነህ ዘንድ ገባሁ። አቶ ሙሉነህ ድሮ የመኪና ጥገና አስተማሪ የነበሩ፣ ቀጭን፣ የኪሳቸው እስክሪብቶ ከሦስት የማያንስ ሰው ናቸው።

"ማክሰኞ ልመዘን ነው" አልኋቸው።

"አንተ? አንተማ አትመዘንም።"

"ለምን?"

"ጥያቄው የት ነው ያለው?"

"ሰርቨሩ ላይ።"

"ሰርቨሩን የሚከፍተው ማነው?"

"እኔ።"

"ጨረስህ። የፈተና ቁልፍ የያዘ ሰው አይፈተንም። ደንብ ነው።"

"ቁልፉን ባስረክብስ?"

"ለማን? ተረካቢው ደረጃ አራት መሆን አለበት።"

"እዚህ ግቢ ደረጃ አራት የለም።"

"እኔስ ምን አልሁህ?" አሉና እስክሪብቷቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ስወጣ ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ሰው እየቀጠርን ነው። የመጣ እንደሆን ከምዘናው በፊት ባለው ዓርብ አስረክበው። አዲሱ ጥያቄ በመስመር የሚገባው ሰኞ ማታ ነው፤ ከዚያ በፊት ቁልፉ ከእጅህ ከወጣ አላየኸውም ማለት ነው። ያን ጊዜ ትመዘናለህ" አሉኝ።

የመጣው ሐሰን ነው። ወረታ ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከእኔ በአንድ ዓመት ይበልጣል፤ ደረጃ አራቱን ሌላ ከተማ ተመዝኖ ይዞ ነው የመጣው። ሳቂታ ነበር። በገባ በሁለተኛው ቀን የጥበቃውንም የጽዳቷንም ስም ያውቃል፤ እኔ ሁለት ዓመት ሠርቼ የማላውቀውን። "ጌች" ማለት የጀመረኝ እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉም ጌትነት ብሎ ነበር የሚጠራኝ። ሰርቨሩን ሳሳየው ጓዳው በር ላይ ቆሞ፣ "ይሄን ሁሉ አንተ ነህ የሠራኸው? ተላላኪው?" አለ። ሲስቅብኝ አልነበረም። እንዲያውም ትንሽ የደነገጠ መሰለኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለርክክብ ንብረት ክፍል ገባን። ንብረት ክፍል ማለት እትዬ የሺ ናቸው። በዚያ ግቢ ውስጥ ያለ ወንበር ሁሉ ከእግሩ ሥር በእሳቸው እጅ የተጻፈ መለያ ቁጥር አለው።

"ምንድን ነው የምታስረክበው?" አሉኝ።

"የይለፍ ቃል።"

"ቃል ንብረት አይደለም። መለያ ቁጥሩ የት ላይ ይለጠፋል?"

"ግንባሩ ላይ ይጻፉለት" አለ ሐሰን ወደ እኔ እያመለከተ።

"አንተ ዝም በል፤ ገና ሳትፈርም ቀልድ ጀመርህ።" መነጽራቸውን አደረጉ። "በእኛ ዘመን ይለፍ የሚባል ወረቀት ነበር። ከከተማ ከተማ ስትሄድ ኬላ ላይ የምታሳየው። እሱ እንኳ ማኅተም ነበረው።"

"ይሄ የለውም" አልሁ።

"እንግዲያ እናደርግለታለን። በል ጻፈው።"

ጻፍሁና አቀረብሁላቸው። ሐሰን እንደከፈተ ቃሉን ስለሚለውጠው ቢያዩት ችግር አልነበረውም። ወረቀቱን አገላብጠው አዩና መለሱልኝ።

"ይሄ እንግሊዝኛ ነው?"

"አይ፣ አማርኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ።"

"አማርኛ ከሆነ ፊደል አጣህለት? ነገ ኦዲት መጥቶ ምን ተረከብሽ ሲለኝ የማላነበውን ልሰጠው ነው? የመሥሪያ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። በአማርኛ አድርገህ ጻፍልኝ።"

ያኛውን ቀደድሁና በአዲስ ወረቀት ጻፍሁ፦ ጸጥ ያለ ሐይቅ። እትዬ የሺ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እየሳቡ አነበቡ።

"በጸሎቱ ጸ ነው በፀሐዩ?"

"በጸሎቱ።"

"ሐይቅስ?"

"በሐመሩ ሐ።"

"ጎሽ። ዛሬ ይሄን የሚለይ ልጅ አለ እንዴ?" አሉ ወደ ሐሰን ዞረው። "አንተ ብትሆን በሀሌታው ነበር የምትጽፈው።"

"በየትኛውም ብጽፈው ውኃ ነው፣ እትዬ የሺ" አለ ሐሰን።

እኔ ኮራሁ። ያን ኩራቴን ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ጆሮዬ ድረስ ነበር የሞቀኝ። ሦስት ሰዎች አንድ ወረቀት ላይ አጎንብሰን የትኛው ጸ፣ የትኛው ሐ እንደሆነ አጣርተን፣ ልክ ነው ተባብለን ፈረምን። ማሽኑ ጸሎቱንም ፀሐዩንም እንደማያውቅ አንዳችንም አላሰብንም። እኔ መጻፍ የተማርሁበት የአማርኛ ፕሮግራም ጸን በትልቁ ኤስ፣ ጥን በትልቁ ቲ፣ ሐን በትልቁ ኤች፣ ቅን በኪው ነበር የሚያስጽፈው፤ ጣቴ የለመደው ያንን ነው። ሐሰን ደግሞ እንደማንኛውም ጎረምሳ በስልክ መልእክት ሲላላክ የለመደው ሌላ ነው፤ ጸን በቲና በኤስ፣ ቅን በኬ፣ ሁሉንም በትንንሹ። ቋንቋው አንድ፣ ቃሉ አንድ፣ በሩ ግን ለአንዱ ብቻ ነው የሚከፈተው። እትዬ የሺ ከመሳቢያቸው ጧፍ አውጥተው በክብሪት ለኮሱ፤ የማሸጊያው ሰም ካለቀ ዓመት ሆኖታል አሉ። ፖስታው አፍ ላይ ሰሙን አንጠባጥበው ሳይደርቅ ማኅተሙን ረገጡበት። ክፍሉ ጧፍ ጧፍ ሸተተ። ሐሰን ፖስታውን ተቀብሎ ሲወጣ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ዓባይ ማዶ ባለችው ክፍሌ ሳነብ ዋልሁ። ማታ ሐሰን ደወለ። "ጌች፣ መብራት ጠፍቶ ዋለ፤ ፖስታውንም አልከፈትሁት። ነገ በጠዋት ገብቼ እለውጠዋለሁ፤ አታስብ" አለኝ። አላሰብሁም። ነጩን ሸሚዜን ተኩሼ፣ ጫማ ከጎረቤት ተውሼ ተኛሁ።

ማክሰኞ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ዐሥራ ሁለት ተመዛኞች ነበርን። ከወረታ የመጡ አሉ፤ ከመራዊ የመጡ አሉ። አጠገቤ የተቀመጠችው የመራዊ ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ቆጋ መስኖ ላይ ድንች የሚያመርቱ ናቸው፤ በድንች መኪና ጋቢና ተሳፍራ እንደመጣችና ቀሚሷ ሁሉ አፈር አፈር እንደሚል እየሳቀች ነገረችኝ። ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ሁለት ጊዜ "ገና" ተብላለች። "ዘንድሮም ገና ካሉኝ አባቴ ቆጋ ላይ አስፍሮኝ ውኃ ሳዞር መኖሬ ነው" አለችኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ጥያቄ የለም። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሐሰን በመስኮቱ ብቅ አለ። ላብ አጥምቆት ነበር። ከፖስታው የወጣውን ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ጌች፣ ጸን በምንድን ነው የምትጽፈው?" አለ።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ። ቃሉ አልተለወጠም። አዲሱ ጥያቄ ማታ ገብቷል። ጥያቄው ከገባ በኋላ በሩን መክፈት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ እሱ ደግሞ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከተፈታኞች መሐል ተቀምጧል። ከዚህም በላይ እኔ በጥንቃቄ ብዛት አንድ ነገር አድርጌ ነበር፦ አምስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ከገጠመው ሰርቨሩ ሦስት ቀን ይቆለፋል።

"ስንት ጊዜ ሞከርህ?" አልሁት።

"አራት።"

አቶ ሙሉነህ ከኋላው መጡ። ነገሩን ጨርሰው ሰሙ። ከዚያ በበሩ ገብተው አጠገቤ ቆሙና ተመዛኝ እንደሚያናግሩ ሳይሆን እንደ አባት ሆነው ተናገሩ። "ጌትነት፣ ልዋሽህ አልችልም። ቃሉ ያው ከሆነ ቁልፉ ትናንትም ማታም በእጅህ ነበር። ርክክቡ አልተፈጸመም። ስለዚህ አንተ አትመዘንም። ባትነግረንም አትመዘንም። ግድ ልልህ ደግሞ አልችልም፤ በወረቀት አስረክበሃል።"

አሰብሁ። በአማርኛ ተጽፎ የተሰጠ ነው፤ ተረካቢው ማንበብ ካልቻለ የእኔ ጥፋት አይደለም ማለት እችል ነበር። ዐሥራ ሁለታችንም ወደ ቤታችን እንሄድ ነበር፤ ቢያንስ ብቻዬን አልወጣም ነበር። ይህን ያህል ክፉ ሐሳብ በዚያች ደቂቃ ውስጥ አልፎብኛል። የመራዊዋ ልጅ አላየችኝም። የቀሚሷን ጫፍ አፈር በጥፍሯ ትፍቅ ነበር። ተነሣሁ። ከደረጃው ሥር ገብቼ ቁጭ አልሁና በራሴ ጣት ጻፍሁት። ተከፈተ። ሐሰን ከኋላዬ ቆሞ "ትልቁ ኤስ ነው እንዴ" አለ ቀስ ብሎ። ወዲያው ቃሉን እንዲለውጠው ወንበሩን ለቀቅሁለት፤ ሲጽፍ ወደ ግድግዳው ዞርሁ። ከዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ ምዘናውን ሰማሁት። ኬብል መግጠም ላይ ሲደርሱ የመጨበጫ ፒንሳው ድምፅ ይሰማል፤ ቀጭ ሲል በደንብ የገጠመና ያልገጠመ ይለያል። የዐሥራ አንዱንም ቆጠርሁ። ሁለቱ አልገጠሙም። የመራዊዋ ልጅ በዚያው ቀን ማታ "ብቁ" ተባለች። ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ በግቢው ስታልፍ "ወንድሜ፣ ነገ ያንተም ይሆናል" አለችኝ።

ዓርብ ማመልከቻው ተዘጋ። ከአንድ ወር በኋላ ሐሰን ብስኩትና ለስላሳ ይዞ መጥቶ መሥሪያ ቤቱን ተሰናበተ፤ ሐይቁ ዳር ያለው ድርጅት የቀጠረው እሱን ነው። ቁልፉን የሚረከብ ስለጠፋ መልሶ አስረከበኝ። የተሰጠኝ ደብዳቤ "ሰው እስኪገኝ ድረስ በተጠባባቂነት" ይላል። ያቺን ሐረግ ብዙ ጊዜ አንብቤያታለሁ። ከሐሰን በኋላ አምስት ሰዎች መጡ፤ ሁሉም ደረጃ አራት። አንዱ ስምንት ወር ቆየ፣ አንዷ ዓመት ከአራት ወር፣ አንዱ ሦስት ሳምንት። ሁሉም የተሻለ አገኙና ሄዱ፤ ሁሉም ሲሄዱ ፖስታውን መልሰው እጄ ላይ ትተው ነው። እኔ በመሐሉ ጢም አወጣሁ፣ ጢሜን ተላጨሁ፣ ሳይክሏን ሸጥሁ። ከተማው ሲሰፋ እኔ ከደረጃው ሥር ነኝ። የሌላውን ሰው "ብቁ" በቀን ሠላሳም አርባም ጊዜ አትማለሁ፤ ወረቀቱ ከማተሚያው ሞቅ ብሎ ነው የሚወጣው። እትዬ የሺ ጡረታ ወጡ። አቶ ሙሉነህ የመንግሥት ቤታቸውን ለቀው ወደ ልጃቸው ሄዱ። ሲሰናበቱኝ "አንተን ሳልመዝን መውጣቴ ይቆጨኛል" ብለው እጄን ለረጅም ጊዜ ያዙት። ዘንድሮ ደግሞ የሁሉም ከተማ መዝገብ አንድ ላይ ይሁን ተብሎ ወደ መዲናዋ ተዛወረ፤ ከደረጃው ሥር ያለው ሰርቨር ባለፈው ወር ጠፋ። ሲጠፋ ጓዳው ዝም አለ። የምጠብቀው ቁልፍ የለኝም፤ በመዝገብ ግን አሁንም ተላላኪ ነኝ።

ጧፍ የምትሸጠዋን ሴት ካለፍሁ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ስሄድ ሐሰን ተጣራ። ወፍሯል፤ ሽበትም ጀምሮታል፤ አሁን የዚያ ድርጅት የክፍል ኃላፊ ነው። አሳ ቤት አስገባኝ። ስለ ልጆቹ ነገረኝ፤ ስለ ቀረሶ መወደድ አማረረ። ከዚያ እጁን ሲታጠብ ቆይቶ መጥቶ ተቀመጠና ሳህኑን ገፋ አደረገው።

"ጌች፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ወላሂ ስንት ጊዜ ልነግርህ ብዬ ምላሴ ላይ ቀርቷል።"

"ንገረኝ።"

"ያን ሰኞ መብራት አልጠፋም ነበር። ፖስታውን ከፍቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ ሞከርሁ፤ እምቢ አለኝ። ልደውልልህ ስልኩን አንሥቼ ነበር። ከዚያ ማስታወቂያው ትዝ አለኝ። እኔም ላመለክት አስቤ ነበር። አንተ ወረቀቱን ይዘህ ከቀረብህ እኔን እንደማያዩኝ ዐውቅ ነበር።"

"ዘጠኝ ሰዓት ከዐሥራ ሁለት" አልሁት።

"ምኑ?"

"መጀመሪያ የሞከርኸው። ሁለተኛው ዘጠኝ ከዐሥራ አምስት። ሰርቨሩ ሙከራውን ሁሉ ይመዘግባል። የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ስድስት መቀነስ ያስፈልጋል።"

አሳው ላይ ዝንብ አረፈ፤ አላባረራትም። "ስታውቅ ኖረሃል?"

"ቁልፉን የመለስህልኝ ቀን አነበብሁት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርህም? አቶ ሙሉነህ ያንን ቢያዩ እኔን አባረው አንተን ለብቻህ ይመዝኑህ ነበር። እኔ ያን ዓመት ሙሉ ስትናገር ስጠብቅ ነበር።"

ይህን ጥያቄ ከእሱ በፊት እኔ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ለሌላ ሰው መልሼው ግን አላውቅም ነበር። "ቁልፉ በሌሎች እጅ ሆኖ ሁለት ጊዜ ምዝገባ አልፏል" አልሁት። "አንደኛውን ጊዜ ወባ ይዞኝ ነበር። ሁለተኛውን ረሳሁ እላለሁ፤ አልረሳሁም። ግቢው ሁሉ የሚያውቀው ጌትነት ይችላል፣ ደንቡ ነው ያሰረው የሚለውን ነው። ተመዝኜ ገና ብባልስ?"

"አንተ? አንተ ገና ትባላለህ?" ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ተወው።

"አላውቅም። ማንም መዝኖኝ አያውቅም።"

ሐሰን ሒሳብ ከፈለ። ስንወጣ ድርጅቱ ከወር በኋላ ሰው እንደሚቀጥር፣ ወረቀቱ ካለኝ ብቻ ስሜን ሊያቀርብ እንደሚችል ነገረኝ። "አሁን የያዝኸው ቁልፍ የለም እኮ" አለኝ። "አሁን ምን ትላለህ?"

የምዘናው ምዝገባ ነገ ዓርብ ይዘጋል። ቅጹን ሞልቼዋለሁ፤ በጥቁር እስክሪብቶ፣ ስርዝ የለውም። ዛሬ ጠዋት መስኮቱ ጋ ሄጄ ተሰለፍሁ። ሰልፉ ላይ ያሉት ልጆች ለሌላ ሰው የመጣሁ መስሏቸው "ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ" አሉኝ፤ አይ፣ በተራዬ አልኋቸው። ከፊቴ ሁለት ሰው ሲቀር ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ "ሃሎ፣ አይሰማም፣ ሃሎ" እያልሁ ከሰልፉ ወጣሁ። ማንም አልደወለልኝም ነበር። መስኮቱ ነገ እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው።